በሣጥኑ ክዳን ላይ ያለ መቶ ሠላሳ

ኢስሃቅ የቡና ማሽን መጠገን ከጀመረ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ፒያሳ ውስጥ እሱ ክዳኑን ያልከፈተው ማሽን ቢኖር ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ብቻ ነው። አንድ ልማድ አለው። ጥገናውን ሲጨርስ እንፋሎቱ ምን ያህል እንደሚገፋ ከጌጁ ላይ ያነብና፣ ቀኑንና ቁጥሩን በማርከር ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፋል። ከዓመት በኋላ ሲመለስ ማንንም አይጠይቅም፤ ክዳኑን ገልብጦ የማሽኑን ታሪክ ያነባል።

ኬክ ቤቶቹም የራሳቸው ልማድ አላቸው። ከተጠገነ ማሽን የሚወጣው የመጀመሪያው ማኪያቶ የጠጋኙ ነው፤ ከጎኑ ኬክ ይቀመጣል። የኢስሃቅ መከራ የሚጀምረው ከዚህ ኬክ ነው።

«ብላ እንጂ፣ ቦምብ አይደለም!» አለው ከተማ፣ የሃያ ዓመት ደንበኛው የሆነው የኬክ ቤት ባለቤት፣ ሳህኑን በባንኮኒው ላይ እየገፋለት።

«ስኳር አለብኝ አላልኩህም?»

«እኔን ቢይዘኝ ያምርበታል። አንተን ምን ብሎ ያዘህ? ሚስማር አክለህ!»

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ረሂማ ናት። ሰላምታ የለም።

«የት ነህ?»

«ከተማ ጋ። ማሽን እየሠራሁ ነው።»

«ኬክ ቤት ነኝ በላ! ማሽኑ ያጎርስሃል አይደል?»

ከተማ በሳቅ ፈረሰ። የኢስሃቅ ቆሽት አረረ።

ረሂማ ያለ ምክንያት አልነበረም የምትጠረጥረው። ኢስሃቅ በአርባ ስድስት ዓመቱ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ሲመረመር፣ በባዶ ሆዱ ስኳሩ 131 ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከመቶ በታች ነው። ጤና ጣቢያው ሜትፎርሚን የሚባል ኪኒን ሰጠው፤ 130። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ፤ 132። ግሊበንክላሚድ የሚባል ሌላ ኪኒን ተጨመረለት፤ 129። ከአፍንጮ በር ቤቱ እስከ ሥራው በእግሩ ተመላለሰ፣ ከሳ፣ ሱሪው አልያዘው አለ፤ 131። ነርሶቹ «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩን፣ ምንድን ነው የሚበሉት?» ይሉታል። ረሂማ ግን ጥያቄ የላትም፤ መልሱን ታውቀዋለች። ባሏ ውሎው ኬክ ቤት ነው።

ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። ያልቻለው የጾሙን ነገር ነው። ግሊበንክላሚድ ውጦ ሳይበሉ መዋል ስኳርን ድንገት ሊጥል ይችላልና ረመዳንን ከለከሉት። ላልጾመው ለእያንዳንዱ ቀን ድሃ ያበላል። እሱ ግን ምሳውን የሚበላው ከማሽን ጀርባ ተደብቆ፣ እንደ ሌባ ነው። አሁን ደግሞ ለረመዳን ሁለት ወር ሲቀረው ኪኒኑ አልሠራምና ወደ ኢንሱሊን መርፌ ይሻገር ተባለ። መርፌ ከገባ ጾም ለዕድሜ ልኬ ቀረ ብሎ ደመደመ።

በዚያው ሳምንት ልጁ ፊርደውስ ለባንክ ሥራ ስትመረመር 128 ተባለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

«ይኸው! እሷንም አስለመድካት!» አለች ረሂማ።

«እናቴንስ ኬክ ያስለመድኳት እኔ ነኝ?» ብሎ ጮኸ።

እናቱ ከወሎ ሳይወጡ ስኳር አለብዎ ተብለው፣ ኪኒኑን አልውጥም ብለው፣ ዓይናቸውም እግራቸውም ሳይነካ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ያረፉ ሴት ነበሩ። ኢስሃቅ ከአፉ የወጣው ነገር ራሱን አስደነገጠው። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ።

መርፌውን አቆዩልኝ ብሎ ጤና ጣቢያውን ለምኖ የስኳር ሐኪም ፍለጋ ገባ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰረዘበት። በሦስተኛው ከዶክተር ምብራት ፊት ሲደርስ የመሣሪያ ሣጥኑን አንስቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

«ጋሽ ኢስሃቅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ታሪኬ ነው።»

ሣጥኑን ከፈተ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ልክ ማሽን ላይ እንደሚጽፈው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ስኳሩ በማርከር ተደርድሯል። ዶክተሯ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከ126 ወርዶ አያውቅም፣ ከ134 ወጥቶም አያውቅም።

«ክዳኑ ላይ እንዲህ የተጻፈበት ማሽን ቢያጋጥምዎ ምን ይላሉ?»

ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደበትም። «ደህና ነው እላለሁ። የተበላሸ ማሽን ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ ወይም ከዓመት ዓመት ይብስበታል። ይሄኛው ከፋብሪካው ሲወጣ መቆጣጠሪያው ትንሽ ከፍ ተደርጓል።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። «ቆሽትዎ ውስጥ ቤታ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ኢንሱሊን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ግን ደም ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንዳለ በምን ያውቃሉ? ዓይን የላቸው!»

«ጌጅ ይኖራቸዋላ።»

«ጌጃቸው ምን መሰለዎት? ስኳሩን ራሱን ያነዱታል!»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድንቅም ነው። ስኳር ወደ ሴሉ ያለ ከልካይ ይገባል። እንደገባ ግሉኮካይኔዝ የሚባል ሠራተኛ ይቀበልና ለመንደድ ያዘጋጀዋል። ስኳሩ ሲበዛ ሠራተኛው ይፈጥናል፣ ሲያንስ ይዘገያል። የተዘጋጀው ስኳር ነዶ ኤቲፒ የሚባል ጉልበት ይሆናል። በሴሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ ፖታሲየም የሚያስወጣ ቀዳዳ አለ፤ ኤቲፒ ሲበዛ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ቀዳዳው ሲደፈን የግድግዳው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ሌላ በር ይከፈታል፣ ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ በትንንሽ ከረጢቶች ታሽጎ ተራውን የሚጠብቀውን ኢንሱሊን ወደ ደም ያስለቅቀዋል። ስኳር ሲበዛ እሳቱ ይበዛል፣ እሳቱ ሲበዛ ኢንሱሊኑ ይበዛል። እሳቱ ራሱ አዛዥ ነው።

ኢስሃቅ ለአፍታ ንዴቱን ረሳ። «ቆይ፣ ዶክተር። ኪኒኑ ምኑ ጋ ነው የሚሠራው?»

«ግሊበንክላሚዱ ያንን የፖታሲየም ቀዳዳ በግድ ይደፍናል።»

«የኔ ቀዳዳ ደግሞ ጤነኛ ነው!»

«እሳቱም፣ ቀዳዳውም፣ በሩም ደህና ይመስለኛል። የዘገየው ስኳሩን የሚቀበለው ሠራተኛ ነው። የሌላው ሰው ዘጠና አካባቢ ሲነቃ የእርስዎ መቶ ሠላሳ ላይ ይነቃል፤ ከነቃ በኋላ ግን ሥራውን ያውቃል። በዘር የሚወርድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፣ መድኃኒትም አይፈልግም።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ምን ስውጥ ኖርኩ?» ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ካቻቢቴውና ፒንሳው ሣጥኑ ውስጥ ተንጫጩ።

«ቀስ ይበሉ! እኔ የምጠረጥረውን ነው የነገርኩዎ። የሚያረጋግጠው የዘር ምርመራ ነው፤ እሱ እኛ ጋ አይሠራም፣ ወደ ውጭ ይላካል። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።»

«ማሽን ቢሆን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ነበር። ሩብ ዙር!»

«ሰው ነዎት፣ ምን ላድርግ?» አለች እየሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ ነገረችው፦ ኪኒኖቹን ያቆማል፣ ግን በየሳምንቱ እየመጣ ይለካል። ይህንንም ለጎረቤት ምክር እንዳያደርገው፤ የብዙው ሰው ስኳር የእሱ ዓይነት አይደለም፣ መድኃኒቱን ካቆመ ይጎዳል።

አምስት ሳምንት ተመላለሰ። 131፣ 129፣ 132፣ 130፣ 131። ኪኒን ኖረም አልኖረም፣ ቁጥሩ ግድ የለውም። ዶክተሯ ወረቀት ጻፈችለት፦ መጾም ይችላል፤ እየለካ፣ ስኳሩ ከሰባ ከወረደ ጾሙን እንዲያፈርስ።

ጤና ጣቢያው ወረቀቱን እያገላበጠ «መድኃኒት የማይፈልግ ስኳር?» አለና መርፌውን ከካርዱ ላይ አልሰርዝም አለ። ረሂማ ደግሞ «ዶክተሯንም ኬክ ጋብዘሃታል» አለችው።

የረመዳን የመጀመሪያ ቀን ከተማ ደወለ፤ የማሽኑ ጎሚኒ ላልቶ ውሃ ያፈሳል። ኢስሃቅ ሲነሳ ረሂማም ተነሳች።

«አንቺ የት?»

«ሥራህን ላየው።»

ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ዋለች። ከተማ በጎን መጥቶ «ዛሬስ በዘብ ነው የመጣኸው» አለው። ኢስሃቅ ላብ እየጠረገ ጎሚኒውን ቀየረ፣ ማሽኑን አሞቀ፣ ጌጁን አነበበ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ረሂማ መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ በራሷ እጅ ጣቱን ወጋችው።

130።

«መለኪያው ተበላሽቷል» አለች።

«ጣትሽን አምጪ።»

84።

ከተማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ረሂማ መለኪያውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«ዛሬ ምንም አልበላህም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ዛሬ ብቻ? አሥራ አንድ ዓመት ለፍልፌ! አሥራ አንድ…»

«አትጩህ፣ ጾመኛ ነህ።»

ማርከሩን ከደረት ኪሱ ወሰደች። የመሣሪያ ሣጥኑን ክዳን ገልብጣ ቀኑን ጻፈች፤ ከጎኑ 130። ጥቂት አሰበችና «ጾሞ» ብላ ጨመረችበት።

ከተማ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጠጋኙን ማኪያቶ ምን ላድርገው?»

«መግሪብ ደርሶ ሲያፈጥር ትኩሱን ትሰጠዋለህ።»

«ኬኩንስ?»

ረሂማ ቀና ብላ አየችው። ከተማ የኬኩን ሳህን ወደ መደርደሪያው መለሰ።