አገጭ የሌለው መልአክ

አምባቸው ግንበኛው ራሱን ለማማት ሌላ ሰው አያስፈልገውም ነበር። «ጎንደር ውስጥ ከእኔ የባሰ ቂል ግንበኛ ካለ አምጡልኝና እጁን ልሳመው» ይላል፣ ደረቱ ላይ የወረደውን ጢሙን እየጠራረገ። ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ከዚያ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ አፋፉ ገብርኤል ደብር በር ይመጣል።

ጣልያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ገብርኤል ጠብቆ ሰው አልተጎዳም። ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የቆመው የደብሩ ደጀ ሰላም ግን ቅስቱ ተናደ፣ የቅጥሩ አንድ ጎን ተደረመሰ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ግድግዳ ተሰነጠቀ። ሽማግሌዎቹ ኖራ የሚያውቅ አሮጌ ግንበኛ ካልመጣ አሉ። የደብሩ አለቃ ሐብተ ማርያም ግን አምባቸውን ጠሩና፣ «መጀመሪያ በሩን ሥራ። ካማረ የቤተ ክርስቲያኑም ሥራ ያንተ ነው። ለከተራ ግን ይድረስልኝ፤ ታቦቱ በዚያ ነው የሚወጣው» አሉት።

አምባቸው ይህን ሲሰማ ልቡ አበጠ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አጥር ሲያቆምና ምድጃ ሲለስን የኖረ ሰው፣ ደብር ሊሠራ!

«ታዲያ እንደነበረ አድርገህ ነው የምትሠራው» አሉት አለቃ።

«እንደነበረማ ማንም ይሠራዋል!» አለ። አያችሁ፣ ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሙያውን ያስተማረው ሲኞር ካርሜሎ ነበር፤ የጣልያን ሠራዊት እጁን ሲሰጥ ጎንደር የቀረ ሽማግሌ ግንበኛ። አገሩ ሲሲሊ የሚባል ደሴት ነው። ካርሜሎ ከቦርሳው ያረጀ ፎቶግራፍ ያወጣና፣ «የአያቶቼን ከተማ ምድር ጣለችው። እነሱም ተናደዱና ከድሮው አሳምረው ሠሩት» ይላል። በፎቶግራፉ ላይ ቀጥ ያለ ድንጋይ የለም፤ ሁሉም ተጠምዝዟል፣ ተጠቅልሏል። በየበሩ አናት ደግሞ ጉንጫቸው እንደ ድፎ የተነፋ መላእክት ቁልቁል ያያሉ። ካርሜሎ ሲሞት ፎቶግራፉ ለአምባቸው ቀረ።

እናማ አምባቸው ቅስቱን አቆመ፣ ግራና ቀኙን ጠምዝዞ ቀረጸ፣ ቅጥሩንም ድፍን አድርጎ ዘጋ። በመጨረሻ በቅስቱ መሃል፣ ቅስቱን በሚገጥመው የአናት ድንጋይ ላይ፣ ወደ ታች አንድ ክንድ ያህል የወረደ የመልአክ ራስ አንጠለጠለ። ያለ ልክ ሠራ እንዳትሉት! አለቃን ከነጥምጣማቸው ከሥሩ አቆመና ለካ፤ ከዚያ ላይ አንድ ስንዝር ጨመረ። አለቃ አጭር መሆናቸው ትዝ አላለውም።

ሚስቱ ይመኙሽ ሥራውን ልታይ መጣች። ቀና ብላ መልአኩን አየች፣ ዞራ ባሏን አየች። ያኔ አምባቸው ጢም አልነበረውም፤ አገጩ እንደ ሞፈር ረጅም ነው።

«ምነው፣ ራስህን ሰቀልከው?»

«መልአክ ነው እንጂ!»

«ታዲያ ያንተን አገጭ ከየት አመጣው?»

ቅናት ነው ብሎ አለፈው።

የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ አምባቸው አዲስ ኩታ ለብሶ ከበሩ ውጭ፣ ልክ ከቅስቱ ፊት ለፊት ቆመ፤ ምስጋናውን ሊቀበል። ካህናቱ እየዘመሩ መጡ። ታቦቱ በቄስ ገብረ ሚካኤል ራስ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከደብሩ ካህናት ሁሉ ረጅም ናቸው። ለቅስቱ ሲባል ጥላዎቹ ዝቅ አሉ፤ ቄሱ ወደ በሩ ገቡና ቆሙ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፣ እንደገና ወደ ፊት። ቆሙ።

መጎናጸፊያው ዓይናቸውን ስለጋረደው ቄሱ የተሰማቸው አንድ ነገር ከላይ እንደያዛቸው ብቻ ነው። የኋላው ሰው ደግሞ በጥላዎቹ ተሸፍኖበት ምንም አያይም።

«ታቦቱ ቆመ!» አለ አንዱ። «አልሄድም አለ!»

አገሬው ያውቀዋል፤ ታቦት እምቢ ሲል ከሕዝቡ መሃል በደል አለ ማለት ነው። እልልታው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ተንበርክኮ «እግዚኦ!» አለ።

አምባቸው ብቻ ከፊት ሆኖ አየ። የመልአኩ አገጭ ታቦቱን ያዘው።

ልናገር አለና አሰበ፦ ብናገር ደብሩ ሄደ፤ ስሜም ሄደ፤ ታቦት ያገደ ግንበኛ ተብዬ ልሞት ነው። ምናልባት ቄሱ ትንሽ ዝቅ ቢሉ? ግን ታቦት የተሸከመ ሰው ጎንበስ አይልም። በተናደው ቅጥር በኩል ቢያወጡትስ? እሱንማ ባለፈው ሳምንት አሳምሬ ዘግቼዋለሁ። ሙያ!

ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ሕዝቡ መናዘዝ ጀመረ። ሰባት ዓመት በድንበር የተኳረፉት በላቸውና ፋንታሁን ተነሥተው ተቃቀፉ። «ገፍቼብሃለሁ፣ ማረኝ» አለ በላቸው እያለቀሰ። ቀጥላ ይመኙሽ ተነሣች፦ «ለማኅበሩ ጠላ ውሃ የጨመርኩ እኔ ነኝ!» አምባቸው ያንን ጠላ ስንት ዘመን ሲያደንቅ ኖሯል። ታቦቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጀምበር ዘቀዘቀች፤ የሌሎች ደብሮች ታቦታት ወደ ቀሐ ወንዝ እየወረዱ እልልታው ከታች ይሰማል።

በመጨረሻ አለቃ ሐብተ ማርያም ወደ ፊት መጡ። ጥምጣማቸውን አውልቀው ራሳቸውን ገለጡ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ልጆቼ፣ በደሉ የእኔ ነው። ሽማግሌ አልሰማሁም፤ በእልኬ ሄድኩ። አለቅነቴን ዛሬ እተዋለሁ፤ ታቦቱ ብቻ ይውጣ።»

አምባቸው ይህን ሲሰማ አላስቻለው። እኝህ ሰው ማንም ሳያምነው ያመኑት ናቸው።

«አባታችን፣ ተዉ!» ብሎ ጮኸ። «ታቦቱ እምቢ አላለም! እኔ ነኝ! በሩ ነው! ቄስ ለካሁ እንጂ ታቦት አልለካሁም!»

ጥላዎቹ ገለል ሲሉ አገጩ ታየ።

አለቃ ቀና ብለው አዩት። «ስበረው» አሉ።

ታቦቱ ወደ ኋላ ራቅ አለ። አምባቸው በአዲስ ኩታው መሰላል ላይ ወጣ፣ መዶሻና መሮውን ያዘ። ከመልአኩ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ሦስት ወር የደከመበት ነው፤ እጁ እምቢ አለው።

«ምታው እንጂ!» አለች ይመኙሽ ከታች። «እቤት ያለው ይበቃኛል!»

መታው። በአራተኛው ምት አገጩ ወለቀ፤ እሱ ሲወድቅ አምባቸው የገዛ አገጩን በእጁ ዳሰሰ። ደፉ ተጠረገ፤ ታቦቱ በእልልታ አለፈ።

ቁልቁል ሲወርዱ በላቸው ፋንታሁንን «ታዲያ እኛ በከንቱ ነው የታረቅነው?» አለው። ፋንታሁን አሰበና፣ «በል ዝም ብለህ ሂድ፤ አለዚያ አምባቸው ሌላ በር ሊሠራልን ነው» አለው።

በማግስቱ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዳር፣ አምባቸው አለቃ እግር ሥር ተደፋ። «ለቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለ።

«ትናንት ስንቱ የሌለበትን በደል በራሱ ላይ ጫነ» አሉ አለቃ። «እኔም ጭምር። እውነተኛውን የተናገርከው አንተ ብቻ ነህ። ሥራው ያንተ ነው። ስትለካ ግን ረጅሙን ቄስ አቁም።»

በሩን ሊጠግን ሲጠይቃቸው እሱን ከለከሉት። መልአኩም እንዲያው ከአፉ በታች ባዶ ሆኖ ቀረ። አምባቸው በዚያው ሰሞን ጢሙን አሳደገ። ለምን ሲሉት፣ «እሱ ያለ አገጭ ቆሞ እኔ ምን ቤት ነኝ አገጬን የማሳይ?» ይላል። ከዚያ ይስቃል። በየዓመቱ በከተራ ግን ታቦቱ ከቅስቱ ሥር እስኪያልፍ ድረስ አይስቅም፤ ትንፋሹንም ይይዛል።