ውሃ የሸተታቸው ከብቶች

አልበሙ የቦትስዋና ሮክ ሙዚቃ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሮክ እሰማለሁ ያልኩት ሰው ሁሉ «አሜሪካ ነው?» ስለሚለኝ ነው። አይደለም። ቦትስዋና የከብት አገር ነው። በሽፋኑ ላይ ባንዱ ጥቁር ቆዳ ለብሶ፣ ሰፋፊ ባርኔጣ ደፍቶ ቆሟል፤ ከኋላው በረት ይታያል። ጊታሩ ሻካራ ነው፣ ከበሮው ደረት ይደልቃል፣ ዘፋኙ ከሆዱ ነው የሚጮኸው። ዘጠኝ ዘፈን አለው። ዘጠኙንም ከነቅደም ተከተላቸው፣ የትኛው ላይ ከበሮው ቀድሞ ጊታሩ እንደሚከተል ጭምር አውቃቸዋለሁ። አንድን ነገር በግማሽ ማወቅ አልወድም።

እኔ ወረታ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፤ ሥራዬም ሌላውን ዝም ማሰኘት ነው። አልበሙ እጄ የገባው ከአዲስ አበባ የመጣ የፊዚክስ መምህር የትምህርት ቪዲዮ በፍላሽ ሲሰጠኝ አብሮ ተገልብጦ ነው። ላጠፋው ስል ሦስተኛው ዘፈን ተከፈተ። ጊታር የለም፤ የከብት ቃጭል ብቻ። ከብዶት፣ እየተጎተተ ይመጣል። ከዚያ ይፈጥናል፣ ይፈጥናል፣ በመጨረሻ ከበሮው ይወድቅበታል። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ።

ቃጭል አውቃለሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል የአባቴን ከብቶች ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሀ ሁ ስቆጥር አጠገቤ የሚቀመጡት ሕፃናት «እማማ ተማሪ» ይሉኝ ነበር።

መምህሩ ዘፈኑን እንደወደድኩት ሲሰማ ሳቀ።

«አንቺ? ሮክ? እኔ እኮ አንቺ ባለሽበት ወንበር መሳብ እንኳ እፈራለሁ!» አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ «እስቲ ዓርብ ለእኛ አቅርቢልን» አለ።

ዓርብ ከሰዓት መምህራኑ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይሰበሰቡና አንዱ የወደደውን ነገር ጽፎ ያነባል። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ቆሜ እሰማለሁ። ለስንት ዓመት እንዲህ ነበር። አቅርቢ ያለኝም ሰው አልነበረም። እሺ አልኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።

የጽሑፌ ልብ ያ ቃጭል ነበር። ክረምት የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ሲተኛ ከብቱ ወደ ከፍታው ይነዳል። ውሃው ሆዱ ድረስ ደርሶት ሲሄድ እርምጃው እንደዚያ ከባድ ነው። ስለዚህ፣ ዘፈኑ ጎርፍ የሚሸሽ መንጋ ነው፣ መፍጠኑ ድንጋጤ ነው፣ በዘጠነኛው ዘፈን መጨረሻ ቃጭሎቹ አንድ በአንድ ዝም ማለታቸው ደግሞ መንጋው ማለቁ ነው ብዬ ጻፍኩ። አራት ገጽ ሞላ። ኮራሁበት።

ሐሙስ ጧት አባቴ ሩዝ ሊያስፈለፍሉ ከቁሐር መጡ። የመፈልፈያው ወረፋ ረጅም ስለነበር እኔ ዘንድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሊያርፉ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ክፍል ስለነበሩ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አባየ፣ ነገ በመምህራን ፊት የምናገርበት ዘፈን ነው። እስቲ ቃጭሉን ይስሙት» ብዬ ኢርፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

ከበሮው ሲወድቅ ዘለሉ። «ኧረ በሚካኤል! ይኸ ሰውየ ምን በደሉኝ ብሎ ነው የሚጮኽ?»

«እሱን ይተዉት። መጀመሪያውን ብቻ ይስሙ።»

መለስኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እኔም ከጽሑፌ የጎርፉን ቦታ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ውሃ ውስጥ አይደሉም።»

«እንዴት?»

«ውሃ የገባ ከብት እግሩ ነው የሚሰማ፤ ጨበር ጨበር ይላል። የእነዚህ እግር ደረቅ ነው። ስሚው እንጂ፤ አቧራ ነው የሚረግጡ።»

አዳመጥኩ። ከቃጭሉ ሥር የታፈነ፣ ደረቅ ኮቴ አለ። መቶ ጊዜ ሰምቼው የከበሮ መነሻ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ቀስ አሉ?»

«ጠምቷቸው ነዋ! የተጠማ ከብት እግሩን ይጎትታል። ኋላ የፈጠኑት ውሃ ሸቷቸው ነው። አንቺ ደግሞ ከብት ጠብቄያለሁ ትያለሽ!»

ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «ትምህርት ቤት መሄጃ ዕድሜዬን ከብት ኋላ አይደል የጨረስኩት?»

አባቴ አንዱን ኢርፎን ከጆሯቸው አወጡ።

«የእኛ ከብት ውሃ ተርፎት ነው የኖረ» አሉ። «አንቺ ጥም አላየሽም። አንቺ ሳትወለጂ ዝናብ የቀረ ጊዜ ከብት ይዤ ቆላ የወረድሁ እኔ ነኝ።» ከዚያ ኢርፎኑን መልሰው ሰኩና፣ «ደረሱ ወይ?» አሉ።

«እነማን?»

«ከብቶቹ ናቸዋ። ውሃው ጋ ደረሱ?»

ዘጠነኛውን ከፈትኩላቸው። ማለቃቸውን እንደጻፍኩ አልነገርኳቸውም። ቃጭሎቹ መጡ፣ ቀረቡ፣ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አባቴ ፈገግ አሉ።

«ደርሰዋል። ከብት አንገቱን ደፍቶ ሲጠጣ ቃጭሉ ዝም ይላል።»

ምሳ ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ገብቼ ፈለግሁ። አንድ የባንዱ አድናቂ የሦስተኛውን ዘፈን ግጥም ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል፤ በበጋ ከብቱን ወደ ጉድጓድ ውሃ ስለሚነዳ ሰው ነው። ጎርፍ የሚባል የለበትም። ዘጠነኛው ዘፈን ግጥም ስለሌለው ስለ እሱ የተጻፈ አላገኘሁም። የአባቴን ቃል ወሰድኩ። ከአራቱ ገጽ ሦስቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ።

ወረፋው ስላልደረሳቸው አባቴ እኔ ቤት አደሩ፤ ማታ አዲሱን ሳነብላቸው ወለሉን እያዩ ሰሙ። «ቀድሜ አስገብቼሽ ቢሆን ኖሮ...» አሉና ተዉት። እንዲጨርሱትም አልፈለግሁም። ከብት ጠብቄ ቃጭል ባላውቅ ኖሮ ዘፈኑን ያን ዕለት አጥፍቼው ነበር።

ሩዛቸው ዓርብ ጧት ቢደርስም አልሄዱም። ከሰዓት እኔ በምቆምበት በር አጠገብ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ወንበር ባመጣላቸውም እንቢ አሉ። እኔ ፊት ወጣሁ። ድምፄ እንደ ልማዱ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰዎቹ ግን አንገታቸውን ወደ እኔ አስግገው ሰሙኝ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ስሕተት እንደነበረ፣ ያረሙኝም አባቴ እንደሆኑ፣ ምን እንዳሉ ቃል በቃል አነበብኩ።

የፊዚክሱ መምህር እጁን አወጣ። «አባትሽ ሙዚቃ ተምረዋል እንዴ?»

አባቴ ከበሩ ሆነው መለሱ። «እኔ ከብት ነው የማውቅ። ሙዚቃውን የምታውቅ እሷ ናት።»

ፊቴ ጋለ። ወረቀቱን አስቀምጬ ዘጠነኛውን ዘፈን በስፒከር ከፈትኩት፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም። ጊታሩ መስኮቱን አንቀጠቀጠ። ከዚያ ቃጭሎቹ መጡ፣ ቀረቡ፣ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ከብቶቹ ጠጡ» አሉ አባቴ፣ ለሁሉም።