ባለቤቴን ያስጠረጠረው ንባብ

ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ መሰብሰቢያ ከሆነ በኋላ፣ እሑድ እሑድ የምንገናኘው የሙስሊሞች ሰፈር በሆነው መጋላ ውስጥ፣ አንዲት ሙስሊም እናት ባከራዩን ክፍል ነበር። ጴንጤ ፍለጋ መጋላ የሚመጣ ካድሬ አይኖርም ብለን ነው። ከምሳ በኋላ ድሬ ዳዋ ሙቀቱን ሽሽት በሯን ዘግታ ስትተኛ፣ እኛ አንድ በአንድ እንገባለን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። የሚያስተምረን ባለቤቴ ነበር።

ባቡር ጣቢያ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ግዴታ ነው፤ ሌሎቹ ወንድሞች እዚያ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። እሱ ግን የማርክሲዝም መጻሕፍቱን ገዝቶ እያመጣ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ዘርግቶ፣ በእርሳስ እያሰመረ ያነብ ጀመር።

"ምን ይሠራልሃል?" አልኩት።

"ልጆቻችን ሳምንቱን ሙሉ የሚሰሙት ይህንን ነው። እሑድ መጥተው ሲጠይቁኝ ዝም ብላችሁ እመኑ ልበላቸው?"

ወጣቶቹ ወደዱት። ያፈኑትን ጥያቄ ሁሉ ያወጡለት ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ተጨነቁ። አንድ እሑድ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ እኛንም ያጋቡን አባት፣ ትምህርቱ ሲያልቅ በሁላችን ፊት "ልጄ፣ መርዝ ተቀምሶ አይታወቅም" አሉት።

"አባቴ፣ ልጆቹ እየጠጡት እኮ ነው።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ እሱና ሁለት ወንድሞች መልካ ጀብዱ መንደር የታመመ ሰው ሊጠይቁ ሄደው፣ ሲጸልዩ ተያዙ። እሱን በማግሥቱ ለቀቁት። ሁለቱ ክረምቱን ሙሉ ታሰሩ፤ ውስጥ እግራቸውም ተገረፈ።

"አንተን እንዴት ለቀቁህ?" ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ራሴንም ደስ አላለኝም።

"ካድሬው ምን እንደማነብ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ስለ መጻሕፍቱ ብዙ አወራን። አንተ የነቃህ ሰው ነህ፣ ከነዚህ ጋር ምን ትሠራለህ ብሎ አሰናበተኝ።"

እሱ ከተለቀቀ በኋላ ባለው እሑድ እንደ ልማዳችን መጋላ ሄድን። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ምንጣፉ እንኳን ተነሥቷል። አከራያችን እናት ከጓዳ ወጥተው ግራ ተጋብተው አዩን።

"ቤት ቀየሩ እኮ። ለእናንተ አልነገሩም?" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ወላሂ ልጄ፣ እኔ አላስወጣኋቸውም። ውሃ ልስጣችሁ፣ ግቡ" አሉን።

ባለቤቴ አመስግኖ ወጣ። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ከፊት ከፊቴ ሲሻገር እኔ ከኋላው አለቅስ ነበር። ያለቀስኩት ለመባረራችን ብቻ አልነበረም፤ ጠቋሚ ነው ብለው መጠርጠራቸው ምናልባት እውነት ይሆን የሚል ሐሳብ ገብቶብኝ ነበር።

ደርግ እስኪወድቅ ማንም ደጃችንን አልረገጠም። ገበያ ስንገናኝ እህቶች ዘንቢላቸውን ወደዚያኛው እጅ አዙረው ያልፉኛል። ሁለታችን ቤታችን እየጸለይን ኖርን።

ጸሎት ቤቱ ሲመለስ ያጋቡን አባት በምርኩዝ መጡ፤ ከታሰሩት አንደኛው ደግፏቸው። "ያለ ማስረጃ ጠርጥረን በድለንሃል፣ ይቅር በለን። ተመልሰህ አስተምረን" አሉት። ባለቤቴ ጉልበታቸውን ሳመ።

"እመጣለሁ አባቴ። ማስተማሩ ግን ይቅርብኝ።"

ሲሄዱ ተቆጣሁ። "ሽማግሌ ሰው ከእግርህ ሊወድቅ መጥቶ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

"እነሱንማ ይቅር ብያለሁ" አለኝ። "ካድሬዎቹ የታሰሩትን ሁለት ወንድሞች ክርስቶስን ካዱ ብለዋቸዋል። አንክድም ስላሉ ነው የተገረፉት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ምን እል እንደነበር ዛሬም አላውቀውም።"

አንተማ አትክድም ልለው ፈለግሁ። አልወጣልኝም።

ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሰማል። ቤት ድረስ መጥተው የሚጠይቁት ወጣቶች አሉ፤ ሳይሰለች ይመልስላቸዋል። መድረክ ላይ ግን አይወጣም፤ እኔም ውጣ ብዬው አላውቅም።