ፎሌ የለመደ እጅ

ሙሄዲን አዲሱን መኪና መጥላት የጀመረው ገና ከሻጩ ግቢ ሳይወጣ ነው። ለስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ቁልፍ የማይዞርበት መኪና መኪና አይደለም። ሻጩ፣ ክራቫት ያሰረ ጎረምሳ፣ "ፍሬኑን ይርገጡና ይቺን ይጫኑ" አለው። ተጫነ። ዝም። አልነሳ ብሎ ይሆናል ብሎ ደግሞ ተጫነ። አሁንም ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጫን ሲል ጎረምሳው እጁን ያዝ አደረገና፣ "አባቴ፣ መጀመሪያ ሲጫኑት ተነስቶ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ራስዎ አጠፉት" አለው።

የልጁ የሚንሃ ባል ዛኪር በመስኮቱ በኩል ቆሞ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ሙሄዲን አየው። ሳቁን እየዋጠ ነው። በልቡ ያዘበት።

ሙሄዲን የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። "ፎሌው የቱ ነው?" አለ። ሻጩ ማርሹ ላይ ካሉት የእንግሊዝ ፊደሎች አንዷን አሳየው። ቀጥሎ ስለ ባትሪው፣ ስለ ስክሪኑ፣ መኪናው መቼ በነዳጅ መቼ በኤሌክትሪክ እንደሚሄድ ሊያስረዳው አፉን ሲከፍት፣ "እኔ መኪና ስነዳ አንተ አልተወለድክም" ብሎ ዘጋው። እርግጥ ነው፣ አልተወለደም ነበር። እውነት መናገር ብቻውን ግን ሰውን ከሞኝነት አድኖት አያውቅም።

ፎሌ ማለት ማርሹን ነፃ አድርጎ መኪናውን በገዛ ክብደቱ ቁልቁል መልቀቅ ነው። ሙሄዲን ሱሉልታ ላይ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ከመክፈቱ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በጎጃም መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድቷል። በዚያ ዘመን የሾፌር ትልቅነት በፍጥነት አይለካም፤ ስንት ነዳጅ አትርፎ ገባ በሚለው ነው። ያኔ ረዳቱ የነበረው የጫንጮው ዋቆ አሁን ራሱ ሸምግሎ እንኳ፣ "ሙሄዲን ቁልቁለት ካየ ሞተሩ ይጾማል" እያለ በየልቅሶ ቤቱ ያወራለታል። ኤንትሬው ቀርቶ አሮጌ ዲኤክስ የቤት መኪና ሲይዝም ልማዱ አብሮት መጣ። ከእንጦጦ አናት ላይ ማርሹን ዜሮ ያደርግና ፍሬኑን እየነካካ እስከ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ታች ሲደርስ አጠገቡ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ "አየህ፣ አንዲት ጠብታ አላቃጠልኩም" ይለዋል። ጠይባ፣ ሚስቱ፣ ይህን ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማችው አላህ ይወቀው።

ዲኤክሱን ያሸጠው የነዳጅ ሰልፍ ነው። ሱቁን ለጠይባ ጥሎ ማደያ በር ላይ ከማለዳ እስከ ዙሁር ሶላት ይገተራል፤ ተራው ሲደርስ ነዳጁ ያልቃል። ቡራዩ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግነው ዛኪር ነው፣ "አባባ፣ ሃይብሪድ ይያዙ። ሰልፉን በግማሽ ይቀንስልዎታል፤ ካልቀነሰ እኔን ይጠይቁኝ" ያለው። የመጨረሻዋን ቃል ሙሄዲን አልረሳትም።

መኪናው ሱሉልታ ሲገባ አንድም ሰው አልሰማውም። ዲኤክሱ ከመታጠፊያው ጀምሮ ሲያጓራ ጠይባ ወጥታ የግቢውን በር ትከፍት ነበር፤ አሁን ሙሄዲን በገዛ በሩ ላይ ቆሞ እንደ እንግዳ ጥሩምባ ይነፋል። ገበያ መሃል አህያ የሚነዳ አንድ ሽማግሌ መኪናው ከኋላው መድረሱን ሳይሰማ ቆይቶ ዞር ሲል በድንጋጤ ዱላውን አነሳበት። "መኪና አይደለም የሸጠልኝ" አለ ሙሄዲን ለሚስቱ፤ "ሌባ ነው የሸጠልኝ። ኮቴ የለውም።" ወንበሩ ወገቡን አላሳመመውም፣ የእንጦጦን ዳገት ያለ ማጉረምረም ይወጣል፣ በዝናብ ጊዜ መስታወቱ አይጋረድም። ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም።

ከሁሉ ያንገበገበው ነዳጁ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው የባትሪ ሥዕል ከሥሯ አንድ ወይ ሁለት መስመር ይዛ ሁልጊዜ እንደ ባዶ እንስራ ታፈጥበታለች። ቁልቁለቱን በፎሌ ወርዶ አዲሱ ገበያ ደርሶ ማርሹን ሲመልስ፣ ሞተሩ ይነሳና ነዳጁን መጠጣት ይጀምራል። መንገዱ ተጨናንቆ ሲቆም ደግሞ ልማድ ነውና አሁንም ፎሌ ያደርጋል። ያን ጊዜ መኪናው ጢጥ ጢጥ እያለ በስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል። ሙሄዲን እንግሊዝኛ አያነብም፤ የሚያነብ ሰውም አልጠየቀም። ዳሽቦርዱን በመዳፉ ይመታውና "ዝም በል" ይለዋል።

ሁለት ሳምንት ያቆያል የተባለው ነዳጅ በሰባተኛው ቀን አለቀ። ሙሄዲን እዚያው የድሮው ሰልፍ ላይ፣ እዚያችው የድሮዋ ቦታ ላይ ቆመ። ዋቆ ከጫንጮ ያመጣውን ድርቆሽ ሸጦ ሲመለስ አየው።

"አካም ቡልቴ፣ ሙሄዲን" አለ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ። "ይሄ ነዳጅ አይጠጣም የተባለው አይደለም እንዴ?"

ከተሰላፊዎቹ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። የሙሄዲን ደም ፈላ። በሩን ከፍቶ ወጣና እዚያው ሰው መሃል፣ "አማቼ ነው ያታለለኝ" አለ። "ከሻጩ ጋር ተሻርኮ ቆርቆሮ ጫነብኝ። ወላሂ፣ ይህን ቆርቆሮ ሳይወስድልኝ ደፌን አይረግጣትም።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሙሄዲን ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ያመለጠው ያን ዕለት ነው።

ከሱሉልታ ቡራዩ ለመድረስ ወሬ ሰልፍ የለበትም። በማግሥቱ ሚንሃ ለእናቷ ደወለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ የመጀመሪያዋ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚታረሰው። ጠይባ የጓዳውን ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ ቅቤዋን አንጥራ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ ጨርሳ ነበር። ሚንሃ ግን፣ "እማ፣ ባሌ የማይረግጠውን ደፍ እኔም አልረግጠውም። እዚሁ ቡራዩ እወልዳለሁ" አለቻት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ለጠይባ ይቀላት ነበር።

ጠይባ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች። "ከብረት ጋር ተጣልተህ ልጄን አስቀረህብኝ።"

"ባሏ ይምጣና ብረቱን ይውሰድ። ያኔ ትምጣ።"

"እስከዚያ ገንፎውን ለማን ላገንፋ? ለመኪናህ?"

እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ሙሄዲን ምላጩን ዋጠ። ጭንቀቱ ግን አልዋጥ አለው። ጠይባ የማታይ ሲመስለው የጓዳውን በር ገፋ ያደርግና የተነጠፈውን አልጋ አይቶ ይመለሳል። ልጁ ያለ እናቷ፣ በኪራይ ቤት፣ ጎረቤት ተለምና ስትወልድ ይታየዋል። መሐላውን ሊያነሳ ፈልጎ ያውቃል። በሰው ፊት የማለ ሰው ግን በሰው ፊት መመለስ አለበት፤ እሱ ደግሞ በሰው ፊት መሳሳትን አልለመደውም።

በሦስተኛው ሳምንት ክረምቱ ገባ። ሐሙስ ጠዋት ሙሄዲን ከመርካቶ ዕቃ ሊያመጣ ሲወርድ፣ እንጦጦ አናት ላይ ጭጋጉ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አላሳይ አለው። አስፋልቱ ረጥቧል። ኤንትሬ የነዳ ሰው በርጥብ ቁልቁለት ፎሌ አያደርግም፤ ያን የተማረው ጓደኞቹን እየቀበረ ነው። ስለዚህ ማርሹን ሳይነካ፣ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ፣ እያዘገመ ወረደ። ወደ ታች ጭጋጉ ሲሳሳ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ዐረፈ። የባትሪዋ ሥዕል እስከ አፏ ሞልታለች።

ተበላሸ ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ትንሽ ቆይቶ አዲሱ ገበያ መጨናነቅ ውስጥ ገባ። ሞተሩ አልተነሳም። መኪናው ያለ ድምፅ፣ ያለ ነዳጅ፣ በመኪኖቹ መሃል እየተሳበ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ገለጥ ብሎ አስፋልቱ ደርቆ ነበር። ዕቃውን ጭኖ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ወደ ሱሉልታ መቀጠል ሲገባው አናቱ ላይ ዞረና መልሶ ወረደ። በፎሌ። ሥዕሏ አልተነቃነቀችም። እንደገና ወጥቶ በማርሽ ወረደ። መስመሮቿ አንድ በአንድ ተነሡ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ መኪናው ባትሪውን ያለ ነዳጅ የሚሞላው ቁልቁለት ሲወርድ ነው፣ ያውም ማርሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ። ሙሄዲን ሃያ ሁለት ዓመት የተመሰገነበት እጁ የመኪናውን ምግብ ከአፉ እየነጠቀ ሲያስርበው ከርሟል።

መንገድ ዳር አቆመ። ደስ አላለውም። እንዲያውም መኪናውን ያን ዕለት ከቀድሞው አብልጦ ጠላው። እስከዚያ ውሸታም ነበር፤ አሁን እውነተኛ ሆነበት።

ለማንም አልተናገረም። ዓርብ ጁምዓ ሰግዶ ተመለሰ፤ አልተናገረም። ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ዋቆ ነው፣ ዛኪርን አስከትሎ። ዛኪር ከደፉ ወዲያ ቆመ፤ አንዲት እርምጃ እንኳ አልተራመደም።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ" አለ። "መኪናውን ልወስድ ነው የመጣሁት። ሱቄን የሚረከበኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ገንዘብዎት አይቀርም። ሚንሃ ብቻ እናቷ ቤት ትውለድ።"

ዋቆም፣ "ሙሄዲን፣ ልጁ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?" አለ። "እሺ በልና ነገሩ ይለቅ።"

ሙሄዲን ሁለቱንም አያቸው። እሺ ቢል ሁሉም ነገር ያልቃል። መሐላው አይፈርስም፣ ልጁ ትመጣለች፣ ሰልፉ ላይ የተናገረውም እውነት እንደሆነ ይቀራል። የእሱን ስህተት ያየ ማንም የለም። የሚጠፋው አንድ የቡራዩ ጥገና ቤት ብቻ ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ ለአፍታ ያህል ይህን በጣም ፈለገው። "እሺ" የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሳ ነበር።

"ዋቆ" አለ። "ፎሌ ነበር።"

"ምኑ?"

"መኪናው የሚበላው ቁልቁለት ላይ ነው። እኔ በፎሌ እያወረድኩ አስራብኩት። ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። ልጁም አላታለለኝም።" ድምፁ እንደ ጠብ ነበር። "ሂድና እዚያው ሰልፉ ላይ ንገርልኝ። ወሬ በማድረስ አንተን የሚያህል የለም።"

ዋቆ ሊስቅ ጀመረና የሙሄዲንን ፊት ሲያይ ተወው። ዛኪር ግን አልተገረመም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ፤ ሙሄዲን ይህን አየ።

"አንተ ታውቅ ነበር።"

ዛኪር በጫማው አፈሩን ጫር ጫር አደረገ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሻጩ ግቢ ጀምሮ፣ አባባ። ፎሌው የቱ ነው ብለው ሲጠይቁ።"

"እኔ በአደባባይ አታላይ ስልህ፣ አንተ ሱቅህን ልትሸጥ ስትዞር፣ አፍህ የት ነበር?"

ዛኪር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "አባባ፣ እኔ አንቱን መንዳት ላስተምር?"

ስድብ ቢሆን ሙሄዲን መልስ ነበረው፤ ስድብ ሞልቶት ያውቃል። አክብሮት ግን እንዲህ እንደሚያቃጥል እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ከኪሱ ያችን ቁልፍ ተብዬ ፕላስቲክ አወጣና ወረወረለት።

"ከዛሬ ወዲያ ካየህ ተናገር" አለው። "አሁን ግባና ንዳ። ሚንሃን እናምጣ።"

ዛኪር ደፉን አየ፣ ሙሄዲንን አየ። መሐላው ነው ያስፈራው። ከውስጥ የጠይባ ድምፅ መጣ። ለካ ሁሉንም ስትሰማ ኖሯል። "መሐላው ለፈረሰበት እሱ ሦስት ቀን ይጾማል" አለች። "ግባ ልጄ። እስከ ዛሬ ሞተሩን ነበር የሚያስጾመው፣ አሁን ደግሞ ተራው የራሱ ነው።"

እንጦጦ አናት ሲደርሱ ጭጋግ አልነበረም። አስፋልቱ ደርቆ ቁልቁለቱ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ የዱሮ ሾፌር አይቶ የሚጎመጅበት ዓይነት ነው። ሙሄዲን ከሾፌር ጎን መቀመጥ አያውቅበትም፤ ቀበቶው አነቀው፣ እግሩ የሌለ ፍሬን ይፈልጋል። መኪናው አፍንጫውን ወደ ታች ሲያዘነብል፣ በሕይወቷ ማርሽ ነክታ የማታውቀው ግራ እጁ ሳያዛት ተነሥታ ማርሹን ያዘች።

ዛኪር ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

"አባባ" አለ፣ ከመኪናው ድምፅ በማይበልጥ ድምፅ። "እጅዎት።"

የሙሄዲን ደም ፈላ። የጎጃም መንገድ ስድብ ሁሉ ተግተልትሎ አፉ ላይ መጣ። መልሶ ዋጠው። ከዚያ እጁን ከማርሹ ላይ አነሳና ከታፋው ሥር ሸጎጣት፤ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ተቀመጠባት።