ለአሸዋ መኪናዬ ጎማ ስመርጥ

ሲያትል የሚኖር ጤነኛ ሰው የአሸዋ መኪና አይገዛም። እኔ ገዛሁ። ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ በማይታወቅበት ከተማ ጣሪያ የሌላት፣ በር የሌላት፣ ከብረት ዘንግና ከሁለት ወንበር በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የሌላት፣ አሸዋ ክምር ላይ ከመጋለብ ሌላ አንዳች ጥቅም የማትሰጥ መኪና። የሸጠልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ባለቤቴ ከሲያትል አጠገብ ሬንተን ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ቆማ ስታገኛት ሁለት ጊዜ ዞረቻትና፣ "ሶ፣ የቀረውን መቼ ነው የሚያመጡልህ?" አለችኝ።

እውነትም የቀረ ነገር ነበር። ሰውየው የአሸዋ ጎማዎቹን ለራሱ አስቀርቶ መኪናዋን በአራት አሮጌ የአስፋልት ጎማ ላይ አቁሞ ነው የሰጠኝ። የአሸዋ የኋላ ጎማ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። እንደምናውቀው ጎማ ጥርስ የለውም፤ በዙሪያው የላስቲክ መቅዘፊያዎች እንደ አካፋ ተገትረዋል፤ አሸዋውን እየዛቁ መኪናዋን ወደፊት ይገፏታል። አስፋልት ላይ ከነዱት መቅዘፊያው ተበልቶ ያልቃል። መመረጥ ያለበት የመቅዘፊያው ብዛት፣ የጎማው ስፋትና ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ቸርኬው ነው።

እኔ ሁሉንም በአንድ የምሳ ሰዓት መረጥኩ። ስምንት መቅዘፊያ ያለው አለ፣ አሥራ ስድስት ያለው አለ። አሥራ ስድስት ከስምንት ይበልጣል፤ ስለዚህ አሥራ ስድስቱን ወሰድኩ። ከቸርኬው ደግሞ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ላይ ቀይ ቀለበት ያለውን መረጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ልቤን የወሰደው እሱ ነው። ሳንድዊቼን ሳልጨርስ ኦርደር አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ሌላ ጭንቀት ነበረበት። አባቴ እኛ ዘንድ ከመጡ አሥር ወራቸው ነው። ጎሚስታ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጎን አርባ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈቱ፣ ሲለጥፉና ሲነፉ ኖረዋል። እኔንም እህቶቼንም ያሳደጉን በዚያ ሥራ ነው። እኛ ቤት ግን የሚፈታም የሚለጠፍም ነገር አጡ። ሳህኑን ማሽን ያጥባል። የእኔ መኪና የጎማዋን ነፋስ ራሷ በስክሪን ትናገራለች፤ ያንንም በኩራት አሳየኋቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ለባለቤቴ፣ "ልጄ፣ በልቼ ከመተኛት ሌላ እዚህ ምን ሥራ አለኝ? ትኬቴን ቁረጡልኝ" አሏት።

እንዲሄዱብኝ አልፈለግሁም። አባዬ፣ አይሂዱብኝ፣ እወድዎታለሁ ብሎ በቀጥታ መናገር ግን በእኛ ቤተሰብ ተደርጎ አያውቅም፤ ስለዚህ ዘዴ ፈለግሁ። ዘዴው ማማከር ነበር። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳያማክሩ ትልቅ ነገር ማድረግ ነውር ነው። ካደረጉ በኋላ ማማከር ግን ያለ ነው። ይህን ቤት ፈርመን ከወሰድን በኋላ ደውለን ቤት ብንገዛ ምን ይመስልዎታል ብለናቸዋል፤ ቀለበት ከገዛሁ በኋላ ላግባ ወይ ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። ትልቁ ሰው "መልካም ነው" ይላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

እናም ጎማዎቹ መንገድ ላይ ሳሉ አባቴን ጋራዥ ወስጄ፣ "አባዬ፣ ለዚች መኪና ጎማ እርስዎ ይምረጡልኝ" አልኳቸው። መልካም ነው ብለው እስኪመርቁኝ ጠበቅሁ።

"ሞተሯ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"የድሮ ቮልስ ነው።"

"የቮልስ!" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሞተሩን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ዳበሱት፣ አሸተቱት። በአሥር ወር ውስጥ እንዲያ ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም። የእኔ ደግሞ ጨለመ፤ ነገሩን ከምር እንደያዙት ገባኝ።

አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። በየማለዳው ሜትር ይዘው ጋራዥ ይገባሉ። አሸዋው ደረቅ ነው እርጥብ? ቁልቁለቱ ምን ያህል ነው? አሸዋ ካላየሁ አልመርጥም ብለው ከባሕሩ ዳር በእርጎ ዕቃ አስመጡኝ። ትሪ ላይ አፍስሰው ምድጃ አጠገብ አደረቁት፤ ከዚያ ባለቤቴን ጭልፋና ማንኪያ አምጪ አሏት። "በጭልፋው ዛቅና በፍጥነት ጎትት" አሉኝ። ጎተትኩ፤ አሸዋው እጄን ያዘኝ። "አሁን በማንኪያው።" እየተንሸራተተ ሄደ። "የቮልስ ጉልበት የማንኪያ ጉልበት ነው። ብዙ መቅዘፊያ ብትጭንባት አሸዋውን ትዝቃለች እንጂ አትወጣም። ስምንት ይበቃታል። ቸርኬውም ቀላል ይሁን፤ ቀለሙን ተወው" አሉ።

"እሺ አባዬ" አልኩ። አሥራ ስድስቱ የደረሱት በማግስቱ ነው።

ባለቤቴ ሳጥኑን ስታይ፣ "ንገራቸው" አለችኝ።

"አሁን ብነግራቸው ይከፋቸዋል።"

"ሲያዩትስ?"

"ጥቁር ጎማ ነው፤ ማን መቅዘፊያ ይቆጥራል?" አልኳት። አርባ ዓመት ጎማ ሲያገላብጡ ስለኖሩ ሰው ነው ይህን የተናገርኩት።

አባቴ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት እሑድ መኪናዋን ተጎታች ላይ ጭኜ ከከተማው ሰሜን ኖርዝጌት ወዳለ ጎማ ቤት ወሰድኳት፤ አስገጠምኩና ሸራ አለበስኳት። አባቴ ሲመለሱ ሸራውን አዩ፤ ጎማው መጥቶ ተገጥሟል አልኳቸው። "ለምን እኔ አልገጠምኩትም?" አሉ። "እንዳይደክሙ ብዬ ነው" አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራራውን ተሻግረን ወደ ምሥራቅ፣ ደረቁ አገር ወረድን። አባቴ የቅዳሴ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። መንገዱን ሁሉ ስለ ቮልስ አወሩልኝ፤ እኔም እሺ፣ እሺ እያልኩ ነዳሁ። አሸዋው ዳር ደርሰን ሸራውን ስገፍፍ ከኋላ ጎማው ፊት ቆሙ። ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይቆጥራሉ። አሥራ ስድስት ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ። ቀይ ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉትና መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

"ንዳ" አሉኝ።

ነዳሁ። ሞተሩ አጓራ፣ አሥራ ስድስቱ አካፋዎች በአንድ ላይ ቆፈሩ፣ መኪናዋ ሁለት ክንድ ያህል ተጉዛ በሆዷ ተኛች። ጋዝ ስጨምር ይበልጥ ገባች። በመጨረሻ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለና ዝም አለ።

ትልቅ የአሸዋ መኪና የሚነዳ አንድ ጢማም ፈረንጅ ገመድ ይዞ መጣ። ደግ ሰው ነው። ሞተሯን አየ፣ ጎማዎቹን አየ፣ ሳቁ አመለጠው። በጣቱ ወደ ጎማው እያሳየ፣ "እነዚህን ማነው የመረጠው?" ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀን።

አፌን ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ ከአባቴ እንግሊዝኛ እጅግ ይሻላል፤ መልሱም አንዲት ቃል ነበረች። አባቴ ግን ቀደሙኝ። እጃቸውን ጃኬታቸው ላይ፣ ደረታቸው ላይ አደረጉና፣ "ሚ" አሉ።

ሰውየው ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። ግድ የለም፣ ሲጀምር የማይሳሳት የለም፣ ለዚህ ሞተር ስምንት ነው የሚበቃው አላቸው፤ እንዲገባቸውም ስምንት ጣቱን ዘረጋ። አባቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ እንደሚቆጥር ሰው አዩ። "ኤይት? ኦኬ። ታንኪው" አሉ፤ ገና አሁን የሰሙት መስለው። እኔ መሪውን ጨብጬ ተቀምጫለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ግን ዝም አልኩ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ጨመረልኝ።

"ምን አለ?" አሉኝ አባቴ።

"ሌላ ጊዜ... ጎማ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ አለ።"

"እውነቱን ነው" አሉ።

"አባዬ፣ አሁን ምን እናድርግ?" አልኳቸው። ይህንን ስጠይቃቸው መልሱን አላውቀውም ነበር።

ከመኪናዋ ወረዱ። በቅዳሴ ጃኬታቸው አሸዋው ላይ ተንበርክከው ጎማው ሰፍቶ አሸዋው ላይ እንዲተኛ ነፋሱን መልቀቅ ጀመሩ፤ ጎማው ሲለሳለስ በመዳፋቸው እየተጫኑ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው እያዳመጡ። ሰውየው በገመድ ሳብ ሲያደርገን ወጣን።

ስምንቱን ያዘዙትም የገጠሙትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ከመግዛቴም፣ ከመፈረሜም በፊት። ስለ ትኬቱ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። መልሱን እፈራለሁ።