የእትዬ ጸዳለ አዲስ ኮምፒውተር

እትዬ ጸዳለ ስኪዳም በምትባል ከተማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። አምና መብራት ድንገት ሲጠፋ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ተበላሸና የሟች ባለቤታቸው ድምፅ ካለባቸው ፋይሎች ግማሾቹ ጠፉ። ዘንድሮ አዲስ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ገዝተው ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት እንድጭንላቸው ጠሩኝ። እንጀራዬ ነውና አላመነታሁም።

«ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ሥርዓት ኢኤክስቲ ፎር የሚባለውን አድርጌዋለሁ» አልኳቸው። «ዲስኩ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ መዝገብ ላይ ይይዛል። መብራት ቢጠፋ መዝገቡን አይቶ ራሱን ያስተካክላል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

የተረፉትን ፋይሎች ወደ አዲሱ እየገለበጥኩ ሳለ እትዬ ጸዳለ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጎንበስ አሉና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀሉት። ስክሪኑ ጨለመ።

«ምነው እትዬ?»

«እርግጠኛ ነኝ አላልክም?»

መልሰው ሰኩትና እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ችግር ተነሣ። ፋይሎቹን አየኋቸው፤ የተገለበጡት በቦታቸው አሉ። ደረቴን ነፍቼ አንዱን ከፈትኩላቸው።

የሟቹ ባለቤታቸው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «ጸዳዬ፣ ይሄ መቅረጫ እንዴት ነው የሚጠፋው?»