አቶ ዘሩ ልጃቸውን ሲፈልጉ

ኅዳር አሥራ አንድ ነበር። ወይስ አሥራ ሦስት? ወንዳወቅ ቀኑን ባሰበ ቁጥር ይጠራጠራል፤ ኋላ ግን ሽማግሌው «ሚካኤልን አውዬ መጣሁ» ማለታቸው ትዝ ይለውና አሥራ ሦስት ነው ይላል። ዓመቱን አይስተውም፤ 2016፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ የጠፋበት ዓመት።

አቶ ዘሩ ከማንኩሳ ገጠር ፍኖተ ሰላም ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ልጃቸውን ባንቺአየሁን እናቷ ጥላት ስትሞት እንደ እናትም እንደ አባትም ሆነው አሳድገው፣ ቡሬ ገጠር ድረዋታል። ነፍሰ ጡር ሆና ታመመችና ሐኪም ቤት ወሰዷት የሚል ወሬ ደረሳቸው፤ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሆነ የሚነግራቸው አጡ። የጤና ተቋማቱን መረጃ አንድ ላይ የሚያጠናቅረው ወንዳወቅ ነው ሲሏቸው ቢሮው ደጃፍ ቆሙ።

«ሞታም እንደሆነ ንገረኝ፣ ልጄ። ልቅሶዬን ልቀመጥ።»

«አረፍ ይበሉ አባቴ፣ እስቲ እንየው።»

መረጃው በቦታ፣ በወር፣ በሕመም ዓይነት እየተከፋፈለ የተደረደረ ነው። ወንዳወቅ ኮምፒዩተሩ ላይ የፍለጋውን መጠይቅ ጻፈ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ወረዳዋን በመደመር ምልክት አያይዞ አንድ ሐረግ አደረጋቸው። ሐረጉ ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ካልገጠመ እሱ በትምህርተ ጥቅስ መካከል አስቀድሞ የጻፈው ቃል ይወጣል።

«ይቺ ሣጥን ከንስሐ አባቴ ትብሳለች እኮ» አሉ ሽማግሌው። «የሁሉን ጉድ ይዛለች።»

ስክሪኑ ላይ «አልተገኘም» የሚል ወጣ።

«የለችም አባቴ። ከሞቱትም ከታመሙትም የለችበትም» አላቸው። ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በግድ አነሣቸው።

በሳምንቱ ምሳ ላይ ይህን ለሰርካለም አጫወታት። መዝገብ ቤት የምትሠራ የቡሬ ገጠር ልጅ ናት።

«ሁለት ዲግሪ ይዘህ የሙሽራ ስም አታውቅም?» አለችው እየሳቀች። «እኛ ዘንድ ሙሽራ አማቷ ባወጣችላት ስም ነው የምትጠራ። ባሏ ሲያስመዘግባት በማን የሚያስመዘግባት መሰለህ?»

ምሳውን ትቶ ተመለሰ። የራሷን ስም ከሐረጉ አውጥቶ የአባቷንና የወረዳዋን ብቻ አስቀረ። አንዲት ሴት መጣች። ያምሮት ዘሩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቡሬ፣ በወሊድ፣ ጥቅምት 28። ሕፃኑም አልተረፈም።

«አልተገኘም» የሚለውን የጻፈው ራሱ ነበር። መሣሪያው የራሱን ቃል መለሰለት፤ እሱም እንደ እውነት ለአባት አነበበላቸው። ግን ዘሩ የሚባል አባት ስንት አለ? አማቷ ማን እንደሚሏት ሳያረጋግጥ መርዶ ሊያረዳ አልደፈረም። ማንኩሳ ሄዶ ጠየቀ፤ የቀበሌያቸውን ስም እንኳ አልያዘምና የሚያውቃቸው አጣ።

የቡሬ መንገድ የተከፈተ ዕለት አቶ ዘሩ ራሳቸው ብቅ አሉ። የታጠበ ጋቢ ለብሰው በቅል ቅቤ ይዘዋል።

«ለአራሷ ነው» አሉ። «አንተ ባትኖር ይኼኔ ተላጭቼ ነበር። ልመርቅህ ብዬ ነው የገባሁ።»

«አባቴ፣ አንዴ ይቀመጡ። አንድ የምጠይቅዎ ነገር...»

«ስመለስ፣ የኔ ጌታ። መኪናው ሞልቷል፤ ሾፌሩ ይሰድበኛል።»

ተከትሏቸው ወጣ። ጋሪና ባጃጅ ያጨናነቀውን መንገድ እስኪሻገር፣ ሽማግሌው ቅሉን በጋቢያቸው አቅፈው መኪናው መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ሰላም አሉት። አፉን ሲከፍት መኪናው ተንቀሳቀሰ።